የፎገራን የሩዝ ሜዳ እንዴት እንጎብኝ? ውሃውን ተከትሎ የሚሄድ መመሪያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሚጓዝ ሰው ሁሉ ፎገራን ያቋርጣል፤ የሚወርድበት ግን ጥቂት ነው። ሐሙሲት ካለፈ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል፣ የጉማራ ድልድይ ያልፋል፣ ወረታ ይደረሳል፤ ሹፌሩ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ ወደ አዲስ ዘመን ይነሣል። በመስኮት ያዩት ሜዳ በአገራችን ሩዝ በብዛት የሚመረትበት ቦታ መሆኑን ብዙ ተሳፋሪዎች ሳያውቁ ያልፋሉ። ይህ መመሪያ እዚያ ወርዶ፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ሜዳውን በእግሩ ማየት ለሚፈልግ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ፤ ፎገራ ላይ ሁሉን የሚወስነው ውሃው ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ይነሡና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወደተኛው ሜዳ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ያልቅባቸዋል። ክረምት ሲገባ ሞልተው ይፈሳሉ። ጣናም በበኩሉ ወደ ዳር ይገፋል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ውሃ ቶሎ አያሰርግም፤ ስለዚህ ሜዳው ለወራት ውሃ ይተኛበታል። ሩዙ እዚህ የተስማማው በዚህ ምክንያት ነው። የፎገራ ከብት ረግረግ የለመደው፣ ወፎቹ ከሩቅ አገር የሚመጡት፣ መንደሩና ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ እየፈለገ የሰፈረው ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው። የምትሄዱበትን ወር፣ የምትረግጡትን መንገድ፣ የምታደርጉትን ጫማ ሳይቀር የምትመርጡት ውሃው የት እንደደረሰ ጠይቃችሁ ይሁን።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

"ፎገራ መቼ ጥሩ ነው?" ለሚል ሰው መልሱ ምን ማየት እንደፈለገ ነው።

ሰኔ የእርሻና የዘር ወር ነው። ገበሬው መሬቱን በበሬ ደጋግሞ አርሶ ዘሩን በእጁ ይበትናል። በመስመር የሚተክል ወይም ችግኝ አፍልቶ የሚያዛውር አለ፤ ብዙው ግን ይበትናል። ሐምሌና ነሐሴ የአረም ጊዜ ናቸው። ልጅ አዋቂ ሳይል ቤተሰቡ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲያርም ይውላል። የሩዝ ድካም የት እንዳለ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ነገር ግን እነዚህ ወራት ለእንግዳ ከባድ ናቸው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ይቆረጣል፣ ጎርፍ ያስጠነቅቃል፣ አንዳንድ ቀበሌ በታንኳ እንጂ በእግር አይደረስም። በነሐሴ ብቻ መሄድ የሚችል ሰው ዋናውን መንገድ ሳይለቅ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ በአስፋልቱ ዳር ያሉትን ማሳዎች ቢያይ ይበቃዋል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሩዙ ዘለላ ያወጣል፤ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ አረንጓዴ ነው። ፎቶ ለማንሣት የሚሄድ ሰው ይህንን ጊዜ ይወደዋል።

እኔ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የመሄድ ዕድል ላለው ሰው የምመክረው ኅዳርን ነው። ከጥቅምት ማገባደጃ ጀምሮ ሩዙ ይነጣል፣ ውሃው ይሸሻል፣ መንገዱ ይደርቃል። አጨዳው፣ ክምሩ፣ ውቂያው፣ ማዝራቱ፣ መፈተጉ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በየቦታው ይታያል። ከሩቅ የሚመጡት ወፎችም በዚህ ጊዜ መግባት ይጀምራሉ። ደግሞም ሰው ደስ ብሎት ያለበት ጊዜ ነው፤ ጎተራው ሲሞላ ጨዋታውም ይሞላል።

ታኅሣሥና ጥር ሌላ መልክ አላቸው። ሩዝ በተነሣበት መሬት ላይ፣ አፈሩ የያዘውን እርጥበት ተጠቅሞ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ውሃ የሚስቡት ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ጥር የጥምቀትና የሰርግ ወር ስለሆነ ከገበሬው ጋር መጫወት ለሚፈልግ ሰው ይመቻል። ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፤ ሜዳው ይሰነጣጠቃል፤ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ያን ጊዜ ባይሄድ ይሻላል።

ወሩን ከመረጣችሁ በኋላ ቀኑን ከበዓላት ጋር አስተያዩት። ብዙ ጎብኚ የሚስተው ይህን ነው። የአካባቢው ክርስቲያን ገበሬ እሑድንና የወሩን ዐበይት በዓላት አክብሮ ከእርሻ ሥራ ይታቀባል። ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል፣ ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ነው፤ ሁለቱም በአጨዳው መሐል ይውላሉ። አጨዳ ለማየት በእነዚህ ቀናት የሄደ ሰው ባዶ ማሳ ያገኛል። ንግሥ ለማየት የሄደ ግን ነጭ የለበሰ ሕዝብ በሜዳው ላይ ከየአቅጣጫው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲተም ያያል። ሁለቱንም ለማየት የሚፈልግ ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት ይግባ።

2. የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል። መንገድ ይዘጋል፣ ኬላ ይበዛል፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጉዞውን ከማሰባችሁ በፊት ወረታ ወይም ባሕር ዳር የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ጠይቁ፤ ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ በድጋሚ ጠይቁ። በመናኸሪያ ያሉ ሹፌሮች ከማንም በላይ የመንገዱን ወሬ ያውቃሉ። "ዛሬ አይሻልም" ካሏችሁ አትከራከሩ፤ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ከመሸ አትጓዙ። መታወቂያችሁን ያዙ፤ ከውጭ አገር የመጣችሁ ፓስፖርታችሁ ከእጃችሁ አይለይ። የባንክ ቅርንጫፍ ወረታ ላይ አለ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ግን ባንክም ሆነ የስልክ ክፍያ አይሠራምና ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃ ብር ይዛችሁ ግቡ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሣት ክልክል ነው፤ አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ይዞ መገኘቱ ራሱ ጣጣ አለው፤ እቤት ተዉት። ድልድይን፣ ኬላንና ወታደርን ፎቶ አታንሡ።

ለጤናችሁ ሦስት ነገር ይበቃል። ፎገራ የወባ አገር ነው፤ በተለይ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ትንኙ ይበዛል። አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፣ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከተሰማችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪም ንገሩ። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው፤ በጣና ዙሪያ አለ። ሩዝ ማሳ ውስጥ ባዶ እግር መግባት ለፎቶ ያምራል፣ ግን አታድርጉት፤ የጎማ ቡትስ ከገበያ ግዙ። ሦስተኛው የምትጠጡት ውሃ ነው፤ የታሸገ ይሁን።

3. ወረታ ግቡ፤ ከዚያ አትቸኩሉ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከባሕር ዳር መናኸሪያ ወደ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር የሚሄድ መኪና ሁሉ ያደርሳችኋል፤ ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገዱ ሰላም ሲሆን የአንድ ሰዓት ጉዞ ነው። በስተግራ መስኮት በኩል ተቀመጡ፤ ጣና ያለው በዚያ ነው። የጉማራ ድልድይ ላይ ስትደርሱ የወንዙን ቀለምና ከፍታ እዩ፤ ደፍርሶ ሞልቶ ካገኛችሁት ወደ ሐይቁ ዳር የሚወስደውን ዕቅዳችሁን ወዲያውኑ ቀይሩ።

ወረታ የመገናኛ ከተማ ናት፤ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ከጎንደሩ የሚለየው እዚያ ነው። ያሉት ሆቴሎች መጠነኛ ናቸው። ምቾት የሚፈልግ ባሕር ዳር አድሮ ጠዋት መምጣት ይችላል፤ እኔ ግን ወረታ ማደሩን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ሜዳው የሚያምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ከባሕር ዳር የተነሣ ሰው ሲደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰውም ሥራ ገብቷል።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ማንነታችሁንና የምትሄዱበትን ቀበሌ ንገሩ። እንግዳ ሰው ካሜራ ይዞ ማሳ ለማሳ ሲዞር ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስቀድሞ ካወቀ ግን በር ይከፈታል። ሁለተኛ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። ሦስተኛ፣ የሩዝ መፈተጊያ ወፍጮዎቹን እዩ።

በወፍጮዎቹ ላይ ጥቂት ቆዩ። ያልተፈተገው ሩዝ በጆንያ፣ በጋሪና በባጃጅ ይገባል፤ ማሽኑ ገለባውን ይለይና ነጩ ሩዝ በአንድ በኩል፣ ብናኙ በሌላ በኩል ይወጣል። ብናኙ ለከብት መኖ ይሸጣል። የተሰባበረው ሩዝ ለብቻው ተለይቶ ባነሰ ዋጋ ይሄዳል፤ ብዙው እንጀራ ላይ የሚገባው እሱ ነው። ነጋዴውን ስለ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የትኛው ሩዝ ለምን እንደሚሆን ጠይቁት። ስለ ሥራው የጠየቀውን ሰው ያከብራል፣ እንግዳ አድርጎም ያስተናግዳል።

የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው ወረታ ነው። ለመግባት አስቀድሞ ደብዳቤ ወይም ስልክ ያስፈልጋል። ተፈቅዶ ከገባችሁ የተለያዩ ዝርያዎች በጎን ለጎን መደብ ተዘርተው ታያላችሁ፤ ቁመታቸው፣ የሚደርሱበት ጊዜ፣ የፍሬያቸው ቀለም የተለያየ ነው። ጉማራ፣ ሻጋና ዋንዛዬ የሚባሉት ዝርያዎች ስማቸውን የያዙት ከዚሁ አካባቢ ነው።

4. ሩዙ እንዴት እንደመጣ ከሽማግሌ አፍ ስሙ

ማሳ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ታሪክ ማወቅ የምታዩትን ይለውጠዋል። ፎገራ ለብዙ ዘመን የከብት አገር ነበር። ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ጤፍ አይሆንለትም፤ ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር፤ የቀረው ግጦሽ ነው። የዱር ሩዝ ግን በረግረጉ ላይ በራሱ ይበቅል ነበር።

በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ማስለመድ ጀመሩ። እስከ ዛሬ በአካባቢው ታዋቂ የሆነው "ኤክስ ጅግና" የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሥራው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ጥቂት ገበሬዎች ግን ዘሩን ይዘው ቆዩ። ሩዙ እንደገና የተስፋፋው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ያልተፈለገው የውሃ መሬት ዛሬ የሚፈለግ መሬት ሆነ።

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰው ካገኛችሁ "አባባ፣ ሩዝ መጀመሪያ ሲመጣ ሰው ምን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሴቶቹን ደግሞ ለይታችሁ ጠይቁ፤ "እማማ፣ መጀመሪያ እንዴት ነበር የሚሠራው?" በሉ። አዲስ እህል ወደ ማሳ ከገባ በኋላ ወደ ሞሰብ ያስገቡት እነሱ ናቸውና የዚህ ታሪክ ግማሹ ያለው እነሱ ጋ ነው። የጤፉንና የሩዙን ዱቄት መጠን የሞከሩት፣ ሩዙን ለጠላና ለአረቄ ያለማመዱት፣ ዳቦ የጋገሩበት እነሱ ናቸው።

5. ማሳ ስትገቡ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። ከወረታ በባጃጅ ወይም በእግር ወጣ ካላችሁ ማሳው ወዲያው ይጀምራል። ወደ ሐይቁ ዳር ለመሄድ፣ ለምሳሌ ወደ ናበጋ ወይም ወደ ዋገጠራ አቅጣጫ፣ መንገዱ መድረቁን አስጎብኚያችሁ ያረጋግጥ። ዋልካ አፈር ላይ ትንሽ ዝናብ ከወረደ ባጃጁም ሞተሩም ይያዛል፤ በእግር የሚሄድም ጫማው ጭቃ ተሸክሞ ይቀራል።

በማሳዎቹ መካከል ውሃ እንዲይዝ የተሠራ የአፈር ክትር አለ። በዚያ ላይ መሄድ ይቻላል፤ ግን ጠባብና ለስላሳ ነው፤ ብዙ ሰው ከረገጠው ይፈርሳል፤ ከፈረሰ የጎረቤቱ ውሃ ይፈስሳል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ፣ በተራ ሂዱ፤ የፈረሰ ነገር ካለ ለባለቤቱ ወዲያው ንገሩ። ያልታጨደ ሩዝ ውስጥ አትግቡ፤ የደረሰ ሩዝ በትንሽ ንክኪ ይረግፋል።

አጫጆች ስታገኙ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፤ "እንዴት አደራችሁ፣ ይበርክት" በሉ። አጨዳው ብዙ ጊዜ በደቦ ስለሚሆን ብዙ ሰው በአንድ ማሳ ላይ ታገኛላችሁ፤ እየዘፈኑ፣ አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ ይሠራሉ። በመሐል ገብታችሁ ማጭድ ስጡኝ ማለት ይቻላል፤ ይስቃሉ፣ ይሰጧችኋል። ግን እጃችሁ ሥራውን እንዳያዘገይ ዳር ዳሩን ያዙ። ደቦ የጠራው ሰው ምሳና ጠላ ያዘጋጃል፤ "ኑ ብሉ" ከተባላችሁ እምቢ አትበሉ፤ ጥቂት ቀምሳችሁ አመስግኑ።

አውድማ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አውድማ ለገበሬው የተከበረ ቦታ ነው፤ ዓመት ሙሉ የደከመበት እህል ፊቱ ተዘርግቷል። ሳትጠሩ አትግቡ፤ ጫማ አውልቁ ከተባላችሁ አውልቁ። በሬዎቹ ሲያበራዩ፣ ገለባው በመንሽ ሲነሣ፣ ፍሬው በላይዳ ወደ ነፋስ ሲበተን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ፤ የሩዝ ገለባ ዓይንና ጉሮሮ ያሳክካል። ምርቱ ስንት ኩንታል እንደሆነ አትጠይቁ። ብዙ ገበሬ ሳይሰፈር መቁጠር አይወድም፤ ለማያውቀው እንግዳ መናገርም አይወድም። ፈልጎ ከነገራችሁ "ይበርክት" ማለት በቂ ነው።

ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ገንዘብ መስጠት ከፈለጋችሁ ለልጆች በመንገድ ላይ አትበትኑ፤ ለልጅ የተሰጠ ብር ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ላስተናገዷችሁ ቤተሰብ ስኳር፣ ቡና ወይም ሳሙና ይዛችሁ መሄድ በአገሩ ወግ ያምራል። የተነሡትን ፎቶ አትማችሁ በሚመለስ ሰው መላክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቃል ከገባችሁ ግን ፈጽሙት።

6. ከብቱንና ወፉን ሳታዩ አትመለሱ

የፎገራ ላም በወተቷና በገርነቷ የታወቀች ናት፤ ብዙ ጊዜ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ ቀንዷ አጭር ነው። ረግረግ ላይ ቆማ ትግጣለች፣ ክረምትን በውሃ መካከል ትኖራለች። ሩዝ ሲስፋፋ ግን ግጦሹ ጠበበ። በጋ ላይ የሩዝ ጭድ መኖ ሆኖ ይረዳል፣ ሆኖም እንደ ድሮው የተንጣለለ ሣር የለም፤ ከሌላ ዝርያ ጋር መዳቀሉም የጥንቱን ዘር አመናምኗል። ንጹሕ የሆነውን ዝርያ ለማየት የሚፈልግ፣ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ተጠብቆ እየተራባ ያገኘዋል። በሜዳው ላይ ግን ባለቤቶቹን ጠይቁ፤ እረኞቹ የትኛዋ "የድሮዋ" እንደሆነች ጣታቸውን ቀስረው ያሳዩአችኋል።

ሩዙ ያመጣውን ጥጋብ ሳደንቅ ይህን ዋጋ መዘንጋት አልፈልግም። ሁለቱንም የሚያይ ጎብኚ ፎገራን በትክክል ያያል።

በርብ ወንዝ አካባቢ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጋማ ቦታዎች አሉ። ወፍ ለማየት የሚሄድ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር እነዚህን ይፈልግ። ክሬን የሚባለው እግረ ረዥም ትልቅ ወፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን የአገሩ ነው፤ ግራጫዎቹ ክሬኖች ግን ከሩሲያ በኩል ቅዝቃዜ ሸሽተው በብዙ ሺህ ይመጣሉ፣ ቀን በታጨደው ማሳ የረገፈ እህል ይለቅማሉ፣ ማታ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ የምትሄዱት ጎሕ ሲቀድ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ እኩለ ቀን ላይ ምንም አታዩም። ቢያንስ መቶ እርምጃ ራቁ፤ ለፎቶ ብላችሁ አታስነሷቸው። ረግረጉ በየዓመቱ ለእርሻ እየተጠነፈፈ ስለሚጠብ ውሃው አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ያስፈልጋችኋል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ የእምቦጭ አረም ያደረሰውን ጉዳትም ታያላችሁ።

7. ታሪኩን ከሜዳው ዙሪያ ፈልጉ

የፎገራ ታሪክ ያለው ሜዳው ዳርና ዳር፣ በከፍታዎቹ ላይ ነው፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ ቤተ መንግሥት የሠራ የለም። ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት አትሞክሩ፤ ከሦስቱ አቅጣጫ አንዱን ምረጡ።

ወደ ሐይቁ፦ በደራ ወረዳ ያለችው ቆራጣ ለእኔ ከሁሉ ትበልጣለች። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ ተቃውመው ከተነሡት አንዷ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት፤ ከተሰደደች በኋላ በጣና ዙሪያ የመነኮሳይያትና የመነኮሳት ማኅበር አቋቁማለች፤ ስሟም ከቆራጣ ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642፣ ኅዳር 17 ቀን ነው፤ በዓሏ የሚውለውም በአጨዳው ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን ያስቀመጡት በቆራጣ ነበር። ከሐሙሲት በኩል በጥርጊያ መንገድ ወይም ከባሕር ዳር በጀልባ ይደረሳል። በጣና ገዳማት አንዳንዶቹ ሴት አያስገቡም፤ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ መጽሐፍ ከተከፈተላችሁ በእጃችሁ አትንኩ።

ወደ ሰሜን፦ በአዲስ ዘመን መንገድ ላይ ይፋግ አለ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት፣ አሞሌ ጨው የሚገበያይበት ታላቅ ገበያ ነበር። ከዚያ አልፎ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይታያል። ያሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው፤ ከፋሲል ግንብ በፊት መሆኑ ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ አቀበቱን መውጣት ያደክማል፤ በላይ ሆናችሁ ግን ጣናና ሜዳው በአንድ ላይ ይታያሉ። ነገሥታቱ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡ በዚያ ቆሞ ለሚያይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እህሉ፣ ከብቱ፣ ዓሣው፣ መንገዱ ከሥራቸው ነበር። ግራኝ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 የወደቀበት የወይና ደጋ ጦርነት የተደረገውም ከጣና ምሥራቅ፣ በዚሁ በበጌምድር ነው።

ወደ ምሥራቅ፦ የደብረ ታቦርን መንገድ ይዛችሁ ስትወጡ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ አውራምባ አለ። ክቡር ዶክተር ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ሥራ በችሎታ እንጂ በፆታ አይከፈልም። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ ኑሯቸውን የያዙት በሽመና፣ በወፍጮና በንግድ ነው። ከመንደሩ አስጎብኚ ይሰጧችኋል፤ የእንግዳ ማረፊያም አላቸው። ጋቢ ወይም ፎጣ ለመግዛት እዚያ ግዙ፤ ሸማኔው ፊታችሁ ነው። መንገዱን ቀጥሎ ደብረ ታቦር ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጠገቧ ባለችው ጋፋት ላይ ነው ሴባስቶፖል መድፍ ለአፄ ቴዎድሮስ የተሠራው። ነሐሴ 13፣ ለቡሄ፣ ደብረ ታቦር የምትሄዱ ከሆነ ግን አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

8. ብሉ፣ ግዙ

ወረታ ላይ "የሩዝ እንጀራ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ትኩስ ሲሆን በጣም የሚለሰልስ። ሲቆይ ይደርቃልና የዕለቱን ብሉ። ከጣና የወጣ ዓሣ፣ በተለይ ቀረሶ፣ አብሮ ይሄዳል፤ በጾም ቀን ደግሞ የአገሩ የሽምብራ ሽሮ አያሳፍርም። ጓያ አብዝቶ ለብዙ ጊዜ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ አንድ ቀን የቀመሰን እንግዳ ግን አይጎዳም።

ሩዝ ስትገዙ ከወፍጮ ቤት ግዙ። እፍኝ ዘግናችሁ በመዳፋችሁ ላይ ዘርጉት፤ ስባሪው ስንት እንደሆነ፣ ጠጠርና ያልተፈተገ ፍሬ መኖሩን እዩ። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከለሰለሰ እርጥብ ነውና ቤት ሲደርስ ይሻግታል። የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና ብላችሁ ጠይቁ፤ የዘንድሮው ሲቀቀል ይጣበቃል፣ የአምናው ይፈለፈላል። የፎገራ ሩዝ ከውጭ እንደሚገባው ረዥም ፍሬ አይደለም፤ ፍሬው አጠር ይላል፣ ውሃም ይወዳል። ስለዚህ ስትቀቅሉት እሳቱን ዝግ አድርጉ፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጎንደር በአውቶብስ የምትጭኑ ከሆነ ጆንያውን ድርብ አድርጉት፤ ረዳቱ የጭነት ዋጋ ከመጫኑ በፊት እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ ኬላ ላይ ከተጠየቃችሁም የምታሳዩት እንዲኖር ከባለ ወፍጮው ደረሰኝ ተቀበሉ።